ድኩላ የመሰከረችልኝ ቀን

ለሰው የሚመሰክርለት ሰው ነው። ለእኔ ግን በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ያውም በደርግ ጊዜ፣ የመሰከረችልኝ አንዲት ድኩላ ናት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በቦታው የነበረ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ አንዲት ቃል ልጨምር ብል ከጎኔ ሆኖ ያርመኛል። ስለዚህ ሳልጨምር ልንገራችሁ።

ኑሪ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። በሰባዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ከረሜላ ፋብሪካ በጥገና ክፍል የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። በሰፈር የምታወቀው ግን በሙያዬ ሳይሆን በጅምሬ ነው። በር ያልተገጠመለት ቁም ሣጥን፣ ሦስት እግር ያለው ጠረጴዛ፣ ጣሪያ ያልወጣለት የዶሮ ቤት፤ ግቢያችን የእኔ ጅምሮች መቃብር ነበር። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ “ኑሪዬ የማይችለው ነገር የለም፤ መጨረስ ብቻ ነው የሚያቅተው” ትል ነበር። ያሞገሰችኝ እየመሰላት ነው።

አባቴ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ወደ ሱቁ ከሚመጡት ደንበኞች አንዱ አቶ ደበላ ናቸው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ያለውን ጫካ የሚጠብቁ የደን ዘበኛ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጥተው የባትሪ ድንጋይ ገዙና ሳይሄዱ ቆሙ።

“ምነው አቶ ደበላ፣ የቀረ ነገር አለ?” አላቸው አባቴ።

“የቀረ የለም፤ የሞተ ነው ያለው። ትናንትም አንዲት እርጉዝ ድኩላ ውሾች በሉብኝ። በበጋ ጫካው ሲደርቅባቸው ጎመን ፍለጋ ወደ ሰው ጓሮ ይወርዳሉ። ወርደው አይመለሱም።”

“እዚያው ጫካ ውስጥ ቢመግቧቸውስ?” አልኩ እኔ።

“ፉርሽካ መሬት ላይ በትኜላቸው ነበር። ጦጣ ተጫወተበት፣ ጤዛ አበላሸው። ጉልበቴ ደግሞ በየቀኑ ዳገት አያወጣኝም። ልጄ፣ የሳምንት ቀለብ ይዞ በልክ በልክ የሚሰጥልኝ፣ እሱ ራሱ የማይበላ ሠራተኛ ከየት ይገኛል?”

“እሱማ ከፕላስቲክ ይሠራል” አልኳቸው።

አባቴ ከሚዛኑ ጀርባ ቀና ብሎ አየኝ። “ቢስሚላህ! ሌላ ጅምር” አለ።

ይህቺ ንግግር እልህ ውስጥ ከተተችኝ። በፋብሪካችን የከረሜላ ሽሮፕ የሚመጣባቸው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ነበሩ። የተሰነጠቁት ይጣላሉ። አፉ ላይ ብቻ የተሰነጠቀ አንድ በርሜል መርጬ ከግቢ ለማውጣት የመውጫ ወረቀት ጠየቅሁ። ወረቀቱ ላይ “ምክንያት” የሚል ቦታ አለ። “ለድኩላ” ብዬ ብጽፍ ዓመት ሙሉ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁና “ለውሃ ማጠራቀሚያ” ብዬ ጻፍኩ። ሰው መሳቂያ ላለመሆን የሚዋሸው ውሸት ትንሽ ይመስለዋል።

ሥራው አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በበርሜሉ ግርጌ ዙሪያውን በጋለ ብረት አራት ቀዳዳ በሳሁ። በየቀዳዳው የቧንቧ ሠራተኞች ጎሚቶ የምንለውን ጎባጣ ቧንቧ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጌ ሻጥኩበት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከላይ የተሞላው መኖ በራሱ ክብደት ወርዶ ጎባጣው ውስጥ ይገባል፤ አፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ድኩላዋ አፉ ላይ ያለውን ስትበላ ከኋላው ያለው ይተካል። ሞተር የለው፣ ገመድ የለው። የሚያንቀሳቅሰው የበላተኛው ሆድ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርሜሉን በአህያ ጭነን ከአቶ ደበላ ጋር ጫካ አወጣነው። በሦስት የባሕር ዛፍ እግሮች ላይ አቆምነው፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ደባልቀን ሞላነው፤ ክዳኑን በሽቦ አሰርነው። ወደ ኋላ ሸሽቼ አየሁት። በሕይወቴ የጨረስኩት የመጀመሪያ ነገር ነበር። ኩራቴን አልደብቃችሁም፤ ቁልቁለቱን ስወርድ ለብቻዬ እያፏጨሁ ነበር።

ሰኞ ተረኛ የሆንኩት ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ላየው ወጣሁ። ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ከዛፍ ሥር የቀበሌ ጠባቂዎች በሆዳቸው ተኝተው አየሁ። ጠመንጃቸውን ወደ በርሜሌ ደግነዋል።

“እጅ ወደ ላይ!” አለኝ አንዱ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ደንግጧል። “አትጠጋው! ውስጡ ይጮኻል!”

ጆሮዬን አዘነበልኩ። እውነትም ዝዝዝ ይላል። የከረሜላው ሽታ አልለቀቀውም ነበርና ንብ ወሮታል።

“ንብ ነው” አልኩ።

“ዝም በል! ቅደም!”

በቀበሌው አዳራሽ ያቀረቡኝ ጓድ ታፈሰ ፊት ነው። ጓድ ታፈሰ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናቸው። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ካኪያቸው በልክ የተሰፋና ሁልጊዜ የተተኮሰ ነበር። የመውጫ ወረቀቴ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ፋብሪካው ድረስ ሰው ልከው አስመጥተውታል።

“ምንድን ነው ያ ነገር?” አሉኝ።

“የድኩላ መመገቢያ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ወረቀቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ይላል።”

“እሱን ዋሽቼ ነው።”

“አሁንስ እንደማትዋሽ በምን አውቃለሁ? ቧንቧው ወዴት ነው የዞረው?”

“ወደ አራቱም አቅጣጫ።”

“አንዱ ወደ ከተማው ነው።”

“አራት ከሆነ አንዱ ወደ ከተማው መዞሩ አይቀርም፣ ጓድ።”

“ውስጡ የሚጮኸውስ?”

“ንብ ነው። በርሜሉ የከረሜላ ሽሮፕ ነበረበት።”

ጸሐፊው “ንብ” ብሎ ጻፈ፤ ቀና ብሎ ሊቀመንበሩን አየና ሰረዘው።

እናንተ አሁን ትስቃላችሁ፤ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ከዚያ ክፍል እየሳቀ የወጣ አልነበረም። ከእኛ ቤት ሦስተኛው በር የነበረ እኩያዬ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚያው አዳራሽ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ተላልፎ አልተመለሰም። በመስኮቱ አባቴን አየሁት። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ስለ ጅምሮቼ አንድም ነገር የሚል አይመስልም ነበር።

አቶ ደበላ እያነከሱ ገቡ። “ያሠራሁት እኔ ነኝ” አሉ።

“እንግዲያው እርስዎ ምስክር ሳይሆኑ ተባባሪ ነዎት” አሏቸው ሊቀመንበሩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጥቂት አሰቡና “እንግዲህ እኔ ካልሆንኩ ድኩላዋ ትመስክራ። መጥታ ከበላች የድኩላ ነው። ካልበላች ያላችሁት ይሁን” አሉ።

ጓድ ታፈሰ እርሳሳቸውን አገላበጡ። “እስከ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት” አሉ በመጨረሻ። “የእኛ ሰው ባለበት፣ ከበርሜሉ ስትበላ መታየት አለባት። ካልሆነ ለከፍተኛው አስተላልፈዋለሁ።”

በርሜሉን መጀመሪያ አስፈተሹት። ክዳኑን እንድከፍት ያደረጉት እኔን ሲሆን እነሱ ከሩቅ ከዛፍ ኋላ ተከልለው ነበር። ውስጡ የታየው ፉርሽካ ብቻ ነው። ሁለት ንብ ነደፈኝ። “ፉርሽካው መሸፈኛ ሊሆን ይችላል” ተባለ።

“የእኛ ሰው” ተብላ የተመደበችው ጠባቂ ልጅ እግር ሴት ነበረች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ የያዘችው ጠመንጃ ከቁመቷ የሚያንሰው በትንሽ ነው። እኔ፣ እሷና አቶ ደበላ ከበርሜሉ ራቅ ብሎ ካለ ቁጥቋጦ ኋላ ተቀመጥን። አቶ ደበላ ዛፍ ተደግፈው ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ።

“ስምሽ ማነው?” አልኳት።

“ጠባቂ።”

“አባትሽ ያወጡልሽ ነው?”

“እስረኛ ጥያቄ አይጠይቅም” አለች። ትንሽ ቆይታ ግን “ሰዓዳ” አለች፤ ፊቷን ሳታዞር።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲያልፉ አዩን። “ምን ትጠብቃላችሁ?” አለች አንዷ። “ድኩላ” አልኳት። ጠመንጃውንም፣ በርሜሉንም፣ የሚያንኮራፉትንም ሽማግሌ አየችና “እሷ መጥታ ብታያችሁ የምትስቀው እሷ ናት” ብላ አለፈች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ደበላ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ነቁ። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከጥሻው ውስጥ ቀይ ቡናማ፣ ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ሴት ድኩላ ብቅ አለች። አንድ እርምጃ ትራመድና ትቆማለች። ጆሮዎቿ ለየብቻ ይዞራሉ። የልቤን ምት የምትሰማው መስሎኝ ደረቴን በእጄ ያዝኩ። ደረሰች። አፍንጫዋን ጎባጣው ቧንቧ ውስጥ አስገባች። አወጣች። ሁለተኛውንም ሞከረች። ከዚያ እንደ መጣችው ቀስ ብላ ሄደች።

ሮጬ ሄጄ ጣቴን ቧንቧው ውስጥ ከተትኩ። ባዶ ነው። ፉርሽካው በሌሊቱ ጤዛና ከግድግዳው ባልለቀቀው ሽሮፕ ተላቁጦ፣ እንደ ሊጥ ተያይዞ በርሜሉ ወገብ ላይ ቆሟል። በሕይወቴ የጨረስኩት አንድ ነገር አይሠራም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓዳ መጥታ በርሜሉን በጠመንጃዋ ሰደፍ ኳ ኳ አደረገችው።

“ይኼን ፉርሽካ እንድትሞላበት የመከረህ ማነው?” አለችኝ።

“ማንም። ከብት ይበላዋል ብዬ ነው።”

“መብላትማ ይበላዋል፤ አይወርድም እንጂ! እናቴ ሾላ ገበያ እህል ነው የምትሸጠው፤ ጆንያ ላይ ነው ያደግሁት። ፉርሽካ ከጆንያ አፍስስ፣ ተያይዞ ይቆማል። ገብስ አፍስስ፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። ይኼን ለማወቅ ቧንቧ ሠራተኛ መሆን ያስፈልጋል?”

“ለድኩላ ገብስ ማን ይሰጣል? ሰው እየፈለገው!”

“ጥራጊ አለ። ከአፈር ጋር የተደባለቀ፣ የተሰበረ፣ ለሰው የማይሆን። በወንፊት ነፍቼ አቧራውን ካወጣሁለት ይወርዳል።” ትንሽ አሰበች። “ጠዋት አመጣዋለሁ።”

“አይከለክሉሽም?”

“ጠብቂ የተባልኩት አንተን ነው። በርሜሉን አልተባልኩም።”

ስንመለስ ሊቀመንበሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። “መጣች?” አሏት።

“መጣች” አለች ሰዓዳ። ነፍሴ ተመለሰች።

“በላች?”

“አልበላችም።”

ትንሽ ብትዋሽ ምን ነበረበት ብዬ በልቤ ረገምኳት። ያን ሌሊት በቀበሌው እስር ቤት እንዴት እንዳደርኩ አላወራችሁም፤ ሌሊት ሁሉ ከጣሪያው በታች ያለውን እያንዳንዱን ምስማር ቆጥሬአለሁ ብል ይበቃል።

ማግሰኞ ጠዋት ሰዓዳ በአንድ ትከሻዋ ጠመንጃ፣ በሌላው ጆንያ ተሸክማ መጣች። በርሜሉን ገልብጠን ባዶ አደረግነው፤ ውስጡን በቅጠልና በውሃ ፈትገን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ቀዳዳዎቹንም ሰፋ አደረግኋቸው። ከዚያ ጥራጊውን ሞላን። ገብሱ ሿ ብሎ ወርዶ በአራቱም አፍ ላይ ቆመ። አቶ ደበላ በእጃቸው ዘግነው ሲያነሱ ሌላ ተተካ። እንደገና ዘገኑ። እንደ ሕፃን ሳቁ። “ልጄ” አሉኝ፣ “ሠራተኛው ሥራ ጀመረ።”

ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። ጦጣ እንኳ አልመጣም። አሥር ሰዓት ሲሆን ጓድ ታፈሰ ከሁለት ሰዎች ጋር ዳገቱን ወጡ። ገና ከሩቅ ድምፃቸው ይሰማል፤ ስለ ዳገቱ ያወራሉ፣ ስለ ጫማቸው ያወራሉ፣ ስለ አንዳንድ ግለሰቦች ድብቅ ዓላማ ያወራሉ። ደርሰው ቆሙ፤ ወሬው አልቆመም። ሰዓቱ ይሄዳል። አቶ ደበላ ጥሻውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የምናገርበት አፍ አልነበረኝም።

ሰዓዳ ብድግ አለች። “ጓድ ሊቀመንበር” አለች፣ “ድኩላ ንግግር አትወድም።”

ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ለዚያ ሰውዬ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው አይቼ አላውቅም። ጓድ ታፈሰ ለረጅም ጊዜ አዩአት። እሷም አየቻቸው።

“ምን ይሻላል?” አሉ ቀስ ብለው።

“ይተኙ። በሆድዎ። ዝም ብለው።”

ያን የተተኮሰ ካኪ አዩት፤ መሬቱንም አዩት። ከዚያ ተኙ። ሊቀመንበሩ ሲተኙ ሁለቱም ተኙ፤ እኛም ተከተልን። ስድስት ሰው በአንድ ረድፍ በሆዱ ተዘርግቶ አንድ ሰማያዊ በርሜል ሲያይ ያለፈ መንገደኛ ቢኖር ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ብርዱ ከመሬቱ ወደ ሆዳችን ገባ፤ ንቦቹም ሄዱ። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን ሲያዩ ከጎናቸው ሆኜ አየሁት፤ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ። ስገልጠው ቆማለች።

ያችው ናት። ወደ በርሜሉ ሄደች፤ ቆመች፤ ሄደች። አፍንጫዋን ከተተች። ጥርሷ ገብሱን ሲሰብረው ሰማሁት። ያኔ ግን ከውስጥ ያለው ገብስ ሿ ብሎ ወረደ፤ እሷም ደንግጣ ወደ ኋላ ዘለለች። አለቀልኝ አልኩ። አንድ እግሯን አንስታ እንደ ቆመች ቀረች። ከጎኔ፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

“ብዪ . . . ብዪ እናቴ።”

ጓድ ታፈሰ ናቸው። አገጫቸውን አፈር ላይ ጥለው፣ ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ድኩላዋን ይለምናሉ።

ተመለሰች። በላች። ሿ ሲል አሁን ጆሮዋን ብቻ አንቀሳቀሰች። ከኋላዋ ጥቁር ለመሆን ምንም ያልቀረው ቀንዳም ወንድ መጥቶ ከሌላው አፍ በላ፤ እሱም ወደ ከተማው የዞረው ቧንቧ ነው። እስኪጠግቡ አየናቸው። ፊቴ እንባ በእንባ ሆኖ ነበር፤ ብርዱ ነው አልኩ።

ድኩላዎቹ ከሄዱ በኋላ ጓድ ታፈሰ ተነሡ፤ ካኪያቸውን አራገፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀበሌ ሆኑ። “ጉዳዩ ተጣርቷል” አሉ። ጥቂት እርምጃ ሄዱና ዞሩ። “ይኼ ነገር . . . ለዶሮ ይሆናል?”

ይሆናል። ለቀበሌው የዶሮ እርባታ ስድስት ሠራሁ፤ ስድስቱንም ጨረስኩ። ከዚያ ሌላ ቀበሌ ጠየቀ። ፋብሪካውን ለቅቄ ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግሁት በዶሮና በከብት መመገቢያ ነው። የጫካው በርሜል ፀሐይ እስኪሰነጥቀው ድረስ ሦስት በጋ አገለገለ። አቶ ደበላ በእጃቸው ገብስ እየዘገኑ ይስቁ የነበረውን ሳቅ እስኪሞቱ ድረስ አልተዉትም።

በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ሽማግሌ ልኮ ሰዓዳን አስጠየቀልኝ። እናቷ ሽማግሌዎቹን የጠየቋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ “ያ ቦምብ ሠርተሃል የተባለው ልጅ ነው?”

ብዙ ጊዜ ሰዎች “ሊቀመንበሩን ትጠላቸዋለህ?” ይሉኛል። “ብዪ እናቴ” ያለውን ሰውዬ መጥላት ያቅተኛል። ነገር ግን ሦስተኛው በር ላይ የነበረውን እኩያዬን አልረሳም። እሱም የሚያስረዳው ነገር ኖሮት ይሆናል፤ ግን በሆዱ ተኝቶ የጠበቀለት ሰው አልነበረም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በእኔ ላይ የደረሰው ስላሳቃችሁ ጊዜው የሚያስቅ እንዳይመስላችሁ። እኔ ስለታደልኩ ነው። ንጹሕ መሆኔ ብቻውን አላዳነኝም፤ ያዳነችኝ እህል እንዴት እንደሚወርድ የምታውቅ፣ ለጌታም ለሎሌም አንድ ዓይነት የምትናገር ልጅ ናት። ያን ቀን የተማርኩት ይኼንን ነው፤ የማላውቀውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እያለ ፉርሽካዬን ይዤ አልሟገትም።

ባለፈው ሰሞን ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ሳለን፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጠይቄያት የማላውቀውን ጥያቄ ሰዓዳን ጠየቅኋት።

“ያን ቀን ድኩላዋ ባትመጣ ኖሮ ለሊቀመንበሩ ምን ትያቸው ነበር?”

“አልመጣችም እላቸው ነበር” አለች፣ ሳታስብ።

“ለከፍተኛው እንደሚያስተላልፉኝ እያወቅሽ?”

“እያወቅሁ።”

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም ቢሆን ትንሽ ከፋኝ። እሷ የያዘችውን ሹራብ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጋ ወጋ አደረገችና፣ ቀና ሳትል፣

“ስንቅህን ግን እኔ ነበርኩ የማመላልስልህ” አለችኝ።